የሰባተኛው ምዕራፍ ታይፒስት

ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
ጥቅምት 11 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለብዙነህ፣

ይህ ወረቀት ባሕር ተሻግሮ እጅህ እስኪገባ ድረስ ጤና ይስጥህ፤ ከገባም በኋላ አይንሳህ። እኔ ደህና ነኝ። አባባም ከጉልበቱ በቀር ደህና ነው። ሰላምታዬን እዚህ ላይ ልግታው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ላልጻፈ ሰው ረጅም ሰላምታ አይገባውም።

አድራሻህን ያገኘሁት ከላንቴ መንደር ሄዶ እዚያ ወደብ ላይ ከሚሠራ ሰው ነው። ለእናቱ የላከውን ፎቶ ሲያሳዩኝ ከጎኑ ቆመህ ትስቃለህ። መጀመሪያ አለቀስኩ፤ ቆይቶ ደግሞ ንድድ አለኝ።

ነገሩን ታውቀዋለህ፤ ሆኖም እንደማታውቀው ቆጥሬ ልንገርህ። አንተ ከአገር ልትወጣ ወር ሲቀርህ ጎረቤታችን ዓለሙ መሣሪያ ደብቋል ተብሎ ታሰረ። ያሳሰረው ፊርማ የሌለው፣ በታይፕ የተጻፈ አንድ ወረቀት ነው። ሰባት ወር ታስሮ ምንም ሲታጣበት ተለቀቀ፤ ከዚያ ይዞት የወጣው ሳል ግን ዓመት አላቆየውም። መርማሪው ወረቀቱን አሳይቶት ኖሮ ዓለሙ አንድ ነገር ልብ ብሎ ነበር፤ «ለ» የምትለዋ ፊደል አንድ እግሯ የተሰበረ ነው። ለመንደሩ ሰው ማመልከቻ ስተይብባት የኖርኩት እዚህ ከተማ ያለው የመሥሪያ ቤቴ ታይፕ ናት። ደጋ ያለው የመንደራችን ሰው ሁሉ ያውቃታል።

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ ዱቡሻ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ በዚያ በምታውቀው የስብሰባ መስክ ተቀምጠው፣ ከቤታችን እህል የቀመሰ ሁሉ እርጥብ ሳር ይዞ፣ ቆሞ፣ «አድርጌያለሁ» ወይም «አላደረግሁም» እንዲል ወሰኑ። አባባ ቆመ። እኔም ሴት ስለሆንኩ ከዳር ሆኜ፣ ግን ቆሜ፣ አላደረግሁም አልኩ። የቀረኸው አንተ ነህ። በእኛ ዘንድ ሰው በሌለበት አይከሰስም፣ አይፈረድበትም፤ ነገሩ ግን አይዘጋም። እስኪዘጋ ድረስ የተዘጋው ቤታችን ነው። እሳት የሚሰጠን የለም፤ ለደቦ የሚጠራን የለም፤ ነገ አባባ ቢሞት የሚቀብርልኝ የለም።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ የቤቱ ነገር ነው። ምስጥ የቀርከሃውን ግርጌ በልቶ በልቶ ቤቱ በየዓመቱ እያጠረ ሄዷል። ደህና ቀን ቢሆን አርባ ሰው ተሰብስቦ ቤቱን ከነቁመናው ተሸክሞ አዲስ ቦታ ላይ ያሳርፈው ነበር። አሁን አባባ የገዛ ቤቱ የሚገባው ጎንበስ ብሎ ነው።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ብር አይደለም፤ እንዳትልክ። መጥተህ ቁም፤ የሆነውን ተናገር። ጥፋት እንኳ ቢሆን በግ ታርዶ፣ ሳር ተይዞ፣ በአንድ ቀን ይቅር ተብሎ ያልቃል። አባባ ሳይሞት ቤቱ ይነሳለት።

እህትህ ሻሺቱ ኤርጫፎ


ማርሴይ፣ ፈረንሳይ
ጥር 23 ቀን 1998 ዓ.ም.

እትዬ ሻሺቱ፣

የኩልፎ ዳር ሙዝ፣ የሴቻ ዳገት፣ አንቺም አባባም፣ ሁላችሁም ሰላም ሁኑልኝ። አባቴ ሲሞት ከገዛ ልጁ ሳይለይ ያሳደገኝ አጎቴ ጎንበስ ብሎ ቤቱ ሲገባ ማሰብ አቃተኝ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

የምኖረው ከአሥር ሰዎች ጋር፣ ባዶውን የቆመ የሳሙና ፋብሪካ ሰብረን ገብተን ነው። አለቃ የለንም። ትንሽ ማተሚያ ቤት አለን፤ ሁላችንም እንሠራለን፣ ሁላችንም በተራ ሽንት ቤት እናጥባለን። ማክሰኞ ማክሰኞ ክብ ሠርተን እንቀመጥና የአንድ ሰው ልብ እንኳ ሳይረካ ከቀረ አንነሳም። «እንዲህ ማዳመጥ ከየት ተማርክ?» ሲሉኝ ስለ ዱቡሻ ነገርኳቸው። ያለ ንጉሥ፣ ያለ ፖሊስ፣ ያለ እስር ቤት ሰው ከሰው ጋር ተስማምቶ የሚያድርበት ቦታ አለ፤ እኔ የዚያ ልጅ ነኝ አልኳቸው። እዚህ አናርኪስት ይሉናል። መንግሥት ሰውን የሚገዛው በጠመንጃ ብቻ አይደለም፤ በወረቀት ነው እላለሁ እኔ፤ በማህተም፣ በክስ፣ በመታወቂያ። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ንግግር ሳደርግ ፓስፖርቴን መድረክ ላይ ቀደድኩት። ሦስት መቶ ሰው ቆሞ አጨበጨበልኝ።

መምጣት የማልችለው በዚህ ምክንያት ነው። ለአባባ አስረጂልኝ። የዓለሙን መሞት ስሰማ አዝኛለሁ።

አደራሽን ስለ ዱቡሻው ጻፊልኝ። ማን ቀድሞ ይናገራል? መስማማታቸውን በምን ያውቃሉ? እኔ ስወጣ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ብዙውን ረስቼዋለሁ።

ወንድምሽ ብዙነህ


ሲቀላ
ሚያዝያ 2 ቀን 1998 ዓ.ም.

ብዙነህ፣

ጤና ካንተ አይራቅ። ደብዳቤህ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፎ ነው የደረሰኝ። ይህንንም ከአንተ በፊት የሚያነበው ካለ ለእሱም ጤና ይስጥልኝ።

ለአባባ አነበብኩለት። «ፓስፖርቱን ማን ቀደደበት?» አለኝ። ራሱ ነው አልኩት። «ታሞ ነበር?» አይ፣ ደህና ነበር። «ታዲያ ሰዎቹ ምን ነክቷቸው አጨበጨቡ?» አለ። አናርኪስት ምን ማለት እንደሆነ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ የጎንደር ሰው ጠይቄ «ሥርዓት አልበኛ ማለት ነው» አለኝ። ይህን ለአባባ አልነገርኩትም።

ስለ ዱቡሻ ጠይቀሃል። ስብሰባውን የሚመራው ሃላቃው ይመርቃል፤ ዝናብ ይዝነብ፣ ከብት ይርባ ይላል። ከዚያ የፈለገ ይናገራል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጠውም። እጅ አይቆጠርም። የማይስማማ አንድ ሰው ካለ ለሌላ ቀን ይቀጠራል፤ ያ ሰው እስኪለዝብ፣ ወይም እሱ ሌሎቹን እስኪያለዝብ ድረስ። በአባትህ እርሻ ወሰን የተነሳ ከዓለሙ ጋር ሁለት ዓመት ያነጋገሩህ ለዚህ ነው። አንተ ያን ጊዜ «እነዚህ ሰዎች ወሬ ብቻ!» እያልክ በንዴት ድንጋይ ትወረውር ነበር። ሴት ዱቡሻ ላይ አትቀመጥም። ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂም አይቀመጥም። ይህንንም ጻፈው።

አሁን ደግሞ የኔ ጥያቄ። በ1989፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ የመሥሪያ ቤቱን ቁልፍ ለምነኸኝ ነበር። «ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ልተይብ» ብለህ። ሰጠሁህ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአባባም ቢሆን።

ያን ቅዳሜ ምን ጻፍክ?

ሻሺቱ


ማርሴይ
ኅዳር 29 ቀን 1999 ዓ.ም.

እትዬ ሻሺቱ፣

የቆየሁት ስለረሳሁሽ አይደለም፤ ክረምቱን ሁለቴ ታስሬ ተፈታሁ። አሁን ደህና ነኝ። አንቺም ደህና ሁኚልኝ፤ የአባባን ጉልበት እግዚአብሔር ያጽናው። አዎ፣ እኔም አንዳንዴ እግዚአብሔር እላለሁ፤ ጓደኞቼ አይስሙኝ እንጂ።

«ሰው በሌለበት አይፈረድበትም» ያልሽውን ወደ ፈረንሳይኛ መልሼ በቀይ ቀለም አተምነው። ከወደቡ እስከ ባቡር ጣቢያው ያለው ግድግዳ ሁሉ ተለጥፎበታል። እዚህ ፍርድ ቤቱ በሌለ ሰው ላይ አምስት ዓመት ፈርዶ ምሳውን ሊበላ ይሄዳል። የእኛ ሰዎች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?

መጽሐፍ ጀምሬያለሁ። ሰባት ጥያቄ አለኝ፤ ለየብቻ ጽፌ አያይዤዋለሁ። ስለ ሸክላ ሠሪዎቹ ያልሽው ልቤን ከብዶታል፤ ግን ጠላት እንዳይጠቀምበት በጥንቃቄ መያዝ ያለበት ነገር ነው።

የጠየቅሽኝን ደግሞ ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሻለሁ።

ብዙነህ


ሲቀላ
መጋቢት 9 ቀን 2000 ዓ.ም.

ብዙነህ፣ ደህና ሁን። ደህና ነን።

የሰባቱ ጥያቄህ መልስ ተያይዟል። የመሥሪያ ቤት ልማድ ሆኖብኝ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ። የኔ ጥያቄ አንድ ነበር። መልሱ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ፖስታህን ገልብጬ አራገፍኩት።

አንድ የሒሳብ አስተማሪ ሊያገባኝ ፈልጎ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ሰዎቹ አባባን ሊያነጋግሩ ደጋ ሲወጡ መንደሩ «የዚያን ቤት ደጅ አትርገጡ» አላቸው። ከመንገድ ተመለሱ። እሱም በጥር ሌላ አገባ፤ ሠርጉ ላይ ተጠርቼ በላሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ይህን የምነግርህ እንድታዝንልኝ አይደለም፤ ለመጽሐፍህ ይሆንህ እንደሆነ ብዬ ነው።

መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር ገባ። ያቺ ታይፕ እግሯ እንደተሰበረ ዕቃ ግምጃ ቤት ተጣለች።

ሻሺቱ


ማርሴይ
ጥቅምት 30 ቀን 2003 ዓ.ም.

እትዬ ሻሺቱ፣

ከሁለት ዓመት ተኩል ዝምታ በኋላ ምን ብዬ ሰላም ልበልሽ? በጤና አግኝቼሽ እንደሆነ ደስ ይበለኝ።

መጽሐፉ ወጣ። «ቆሞ መናገር» ይባላል። ሰው ክብሩን የሚያገኘው ሌላው ወክሎት ሳይሆን በገዛ እግሩ ቆሞ ጎረቤቱ ፊት ሲናገር ነው፤ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። በአምስት ቋንቋ ሊተረጎም ነው። በባቡር ባርሴሎና ሄጄ፣ ጄኖቫ ሄጄ ተናገርኩ። ወጣቶቹ አንዳንዱን ገጽ በቃላቸው ይዘውታል። እኔ ግን ዛሬም ተራዬ ሲደርስ ሽንት ቤት አጥባለሁ፤ ይህን ለአባባ ንገሪልኝ፣ ደስ ይለዋል።

አንዳንድ ምዕራፍ ታሪክ ይፈልግ ነበርና ከሰማሁትም ከኖርኩትም ቀላቅዬ ጽፌያለሁ። የሰው ስም የለበትም። ስም ያለው መጀመሪያው ላይ ብቻ ነው፤ «ለእህቴ ለሻሺቱ፣ ለታይፒስቷ» ይላል። መጽሐፉን ላንቺ ነው ያበረከትኩት። ያላንቺ ደብዳቤ አንድ ገጽ አይጻፍም ነበር።

ብዙነህ


ሲቀላ
ጥር 14 ቀን 2003 ዓ.ም.

ብዙነህ፣

ዕድሜ ይስጥህ። መጽሐፉ ደረሰ። ፈረንሳይኛ ስለማላውቅ ስሜን ፈልጌ አገኘሁና ዘጋሁት። አባባ በእጁ መዘነው። «ይህ ሁሉ የሱ ቃል ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እኛ የጠየቅነው አንድ ቃል ነበር» አለና መለሰልኝ።

አሁን ስማኝ። ሽማግሌዎቹ ስድስት ጊዜ ተቀመጡ። በስድስተኛው፣ አንተ መምጣት ካልቻልክ የጻፍከው ወረቀት ዱቡሻ ላይ ቢነበብ እንደ ቆምክ ይቆጠር ብለው ተስማሙ። አባቶቻቸው ያላደረጉትን ነው ላንተ ሲሉ ያደረጉት። የተቃወሙት ሁለቱ እንኳ ለአባባ ጉልበት ሲሉ ለዘቡ።

አንድ ገጽ ጻፍ። በፈረንሳይኛ ሦስት መቶ ገጽ የጻፈ ሰው በአማርኛ አንድ ገጽ አያቅተውም። ግማሽም ይበቃል።

ሻሺቱ


ማርሴይ
ነሐሴ 20 ቀን 2003 ዓ.ም.

እትዬ ሻሺቱ፣

ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? የሽማግሌዎቹን ውሳኔ ሳነብ እንባዬ መጣ።

ግን ቅር ያለኝን ልንገርሽ። ዱቡሻ ዱቡሻ የሆነው ሰው በሥጋው ቆሞ ስለሚናገርበት ነው። ወረቀት ከሩቅ ልኮ ሰውን ማዳኘት የመንግሥት ሥራ ነው። መጽሐፌ ውስጥ የተቃወምኩት ይህንኑ ነው። ዛሬ ለእኔ ሲባል ልማዳቸውን ካጎደፉት ነገ ማህተም ይጠይቃሉ፤ ከነገ ወዲያ ቢሮ ይከፍታሉ። እኔ የዚያ ምክንያት መሆን አልፈልግም። ምስጋናዬን አድርሺልኝና እንደ ጥንታቸው ይጽኑ።

አንድ ቀን እመጣለሁ፤ እቆማለሁም።

ብዙነህ


ሲቀላ
የካቲት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.

ብዙነህ፣

በጤና እንዳለህ አልጠራጠርም።

ላንተ መጻፍ ትቼ ነበር። አሁን የምጽፈው የሆነውን ማወቅ ስላለብህ ነው። ማህደር የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ ትማራለች። መጽሐፍህን በእንግሊዝኛ አንብባ፣ የጻፍክበትን መንደር ፈልጋ አፈላልጋ እኔን አገኘችኝ። ጨዋ ልጅ ናት። ስሜን ስትሰማ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሳመችኝ። «ሰባተኛው ምዕራፍ ከሁሉ ይበልጣል፤ ለሽማግሌዎቹ ስጦታ ላድርገው» ብላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ወደ አማርኛ ስትመልስ ከረመች። ዱቡሻ ላይ እንድታነብ ፈቀዱላት። እንግዳ ናትና ዱካ ሰጥተው አስቀመጧት። እኔ እንደወትሮዬ ዳር ቆሜያለሁ።

የሰማሁትን ልጻፍልህ፤ አንተ የምታውቀው በፈረንሳይኛው ነው። «በመንደሩ አንዲት ታይፒስት ነበረች። የመንግሥት የጽሕፈት መኪና መጀመሪያ ጣቶቿን ወሰደ፣ ቀጥሎ ነፍሷን። አንድ ቅዳሜ ባዶ ቢሮ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ጎረቤቷን የሚያሳስር ወረቀት ተየበች። ሕዝቡ ግን አላሰራትም፤ አልደበደባትም። በገዛ አፏ እስክትናገር ድረስ ዛሬም በትዕግሥት ይጠብቃታል።»

ቅዳሜዋን ሳይቀር ጽፈሃታል።

ማህደር ጨርሳ በደስታ ቀና አለች። ሃላቃው «ይህን የጻፈው የኤርጫፎ ወንድም ልጅ ነው?» አላት። «አዎ» አለች። «ይህ ጽሑፍ ለማን ተሰጠ?» ሲላት ፊተኛውን ገጽ ገልጣ ስሜን ከነሥራዬ አነበበች። «ከሦስት ዓመት በፊት በተስማማነው መሠረት ወረቀቱ ተነበበ» አለ ሃላቃው። «የቀረው ሰው ቃሉን ሰጥቷል።»

አባባ በበትሩ ተደግፎ ተነሳ። «ውሸት ነው» አለ። አንድ ሰው ከተቃወመ አይዘጋምና ለሌላ ቀን ተቀጠረ። አሁን በመላው ደጋ በእኔ ላይ ያልተስማማ እሱ ብቻ ነው። ልጅቷ ነገሩ ሲገባት መንገድ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ ነኝ ያጽናናኋት፤ ይታይህ!

ሻሺቱ


ማርሴይ
የካቲት 29 ቀን 2006 ዓ.ም.

ሻሺቱዬ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እመልሳለሁ። እባክሽ ምንም አታድርጊ። ያቺ ሴት አንቺ አይደለሽም። የብዙ ሰው ታሪክ አንድ ላይ ነው። ሰው ያነበዋል ብዬ፣ እዚያ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም። እዚህ ሆኖ ሲጻፍ ሩቅ ይመስላል።

የጠየቅሽኝን ገጽ እጽፋለሁ። አሁን ልጀምረው ነው። ጊዜ ስጪኝ። ለአባባ እግሩን ሳሚልኝ።

ብዙነህ


ሲቀላ
ሐምሌ 19 ቀን 2006 ዓ.ም.

ብዙነህ፣

አምስት ወር ጠበቅሁ። ገጹ አልመጣም።

በሰኔ ዝናቡ ሲበረታ አባባ ደረቱን ታመመ። የቤቱ መግቢያ ዝቅ ከማለቱ የተነሳ ለሐኪም ስናወጣው እኔና ማህደር በቆዳ ላይ አስተኝተን፣ እግሩን ይዘን ጎትተን ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ከአጥሩ ላይ ያያል፤ የሚረዳን የለም። ክፋት አይደለም፤ ልማድ ነው። አንተ ትዕግሥት ብለህ የጻፍከው እሱ ነው። ሐኪሙ ብዙ አይቆይም አለኝ። አባባ ደግሞ «ቤቴ ቆሜ ልግባ፤ ከዚያ ወዲያ የመጣው ይምጣ» ይለኛል።

ስለዚህ ሳሩን ያዝኩ። በቀጠሮው ቀን ዱቡሻው መሐል ገባሁ፤ ጥፋተኛ ሴት መሐል መቆም ትችላለች። «እኔ ነኝ» አልኩ። ለምን ሲሉኝ አንተ ያን ጊዜ ትለው የነበረውን አልኩላቸው፤ «ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬ ሰልችቶኝ ነው»። አልከበደኝም። ብዙ ጊዜ የሰማሁት ነገር ነው።

ሃላቃው የማይስማማ አለ ወይ ሲል ሁሉም ወደ አባባ ዞሩ። በቃሬዛ አምጥተውት ነበር። በዋዜማው ጫማውን ስሜ ዝም በልልኝ ብዬዋለሁ። ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ አየኝ። ወንድሜ፣ በሕይወቴ ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለም፤ እሱ ደግሞ ያፈረው ለኔ ነው። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነና ዝም አለ። ተስማማ ተባለ።

በጉ ታረደ። የዓለሙ ሚስት አቀፈችኝና «አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽ?» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ አርባ ሦስት ሰው መጣ። እየዘፈኑ ቤቱን አንስተው ከእንሰቱ በላይ ባለው ደረቅ መሬት ላይ አሳረፉት፤ የተበላውን ግርጌ አድሰው ከፍ አደረጉት። የፊተኛውን ምሰሶ የያዘው የዓለሙ ልጅ ነው። አባባ ከቃሬዛው ወርዶ፣ በሁለት ሰው ተደግፎ፣ ቆሞ ገባ። አሥራ አንድ ቀን ኖረበት። ሲሞት የስምንት መንደር ሰው አለቀሰለት። እስኪሞት ድረስ ስምህን አልጠራም።

ሻሺቱ


ማርሴይ
ኅዳር 6 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሻሺቱ፣ በእሷም በኩል ለመንደሬ ሽማግሌዎች፣

ሰላም ለማለት ፊት የለኝም፤ እግራችሁ ሥር ወድቄ እጀምራለሁ።

እኔ ነኝ። በ1989፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ እህቴን ዋሽቼ ቁልፉን ተቀበልኩ። ዓለሙ መሣሪያ ደብቋል ብዬ ጻፍኩ። መሣሪያ እንደሌለው አውቅ ነበር። የአባቴን መሬት ጉዳይ ሁለት ዓመት ስላጓተታችሁ፣ ፈጣን ፍርድ ፈልጌ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ረቡዕ ወሰዱት። እኔ ያሰብኩት ያስፈራሩታል ብዬ ነበር። እሱ እጁን ታስሮ በመኪናው ሲያልፍ ከመንገዱ ዳር ቆሜ ነበር፤ ሰላም አለኝ።

ሰዎች መንግሥትን ለምን እንደጠላሁ ሲጠይቁኝ ብዙ እላለሁ። እውነቱ ግን ይህ ነው፤ የአንድ የተናደደ ጎረምሳ ወረቀት ተቀብሎ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ስላመነኝ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት የጻፍኩት ሁሉ ከዚያ ወረቀት ለመሸሽ ነው። ስሸሽ ደግሞ እህቴን ከኋላዬ ጥያት ሄድኩ፤ ያም አልበቃኝ ብሎ በመጽሐፍ ላይ በስሟ አሰፈርኩት።

የመጽሐፉን ሁለተኛ እትም አስቁሜያለሁ። ማክሰኞ ዕለት ለጓደኞቼ ቆሜ ተናገርኩ፤ አንዷ ተነስታ ወጣች፣ ሌሎቹ ስለ ግልጽነቴ አመሰገኑኝ። ምስጋናው ነው ያሳመመኝ። መታወቂያ ለማውጣት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ሰልፍ እየያዝኩ ነው። ሲሰጡኝ እመጣለሁ። እስከዚያው ሻሺቱ ይህን ዱቡሻ ላይ አንብቢልኝ፤ ስምሽ ይጽዳ።

የኤርጫፎ ወንድም ልጅ ብዙነህ


ሲቀላ
የካቲት 17 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለብዙነህ፣

ሰላም ይብዛልህ። ከልቤ ነው የምልህ፤ ሌላ የምሰጥህ ነገር አልተረፈኝም።

መሥሪያ ቤታችን አሮጌ ዕቃ በሐራጅ ሲሸጥ ታይፗን ገዛኋት። ይህን የምጽፍልህ በእሷ ነው። «ለ»ዋን እያት፤ እንደ ድሮዋ በአንድ እግሯ ቆማለች።

ወረቀትህ ደረሰኝ። ጥሩ ወረቀት ነው። በ1998 መጥቶ ቢሆን ኖሮ አባባ ዘጠኝ ክረምት ቀና ብሎ በገባበት ነበር፤ እኔም ምናልባት የሒሳብ አስተማሪው ሚስት ሆኜ ከሱ ጋር እጨቃጨቅ ነበር። በ2003 መጥቶ ቢሆን ግማሹ ገጽ ይበቃን ነበር።

አንብቢልኝ ብለሃል። ባነበው ምን ይሆናል? ሻሺቱ እርጥብ ሳር ይዛ፣ ዱቡሻ መሐል ቆማ ዋሽታለች ይባላል። ያ ጎሜ ነው፤ ከዓለሙ ወረቀት የከፋ እርግማን ነው፤ ማሳው ቢደርቅ፣ ላሟ ብትሞት በኔ ይሳበባል። አባባም በዝምታው አብሮኝ ዋሽቷል። ቆሞ የገባበትን ቤት መልሼ አልዘጋበትም፤ ከመቃብሩ ቀስቅሼ አላስከስሰውም። የዓለሙ ሚስት አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ደጋ ስወጣ እሳት ይዛ ትመጣልኛለች። አምና ይቅር ያለችኝን ሴት ዘንድሮ እንደ አዲስ ይቅር በዪ አልላትም።

ማህደር ወረቀትህን አይታ «እውነት እኮ ነው፣ እንዴት ትቀብሪዋለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። ገና ልጅ ናት። እኔ አልቀበርኩትም። አጥፌ ከታይፗ ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ ውሸቱ ከተጻፈባት ሥር እውነቱ ይኑር ብዬ።

ሰልፉን ተወው፤ ብርድ ይመታሃል። መምጣት ካማረህ ግን ና፤ ቤቱ ጥሩ ቤት ሆኗል፣ ሳትጎነብስ ትገባለህ። ዱቡሻ እንዳትሄድ ብቻ። እዚያ ያንተ ጉዳይ ተዘግቷል። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሽማግሌዎቹ በተቀመጡ ቁጥር «የቀረ አንድ ሰው አለ» እያሉ ይነሱ ነበር። አሁን እንዲህ አይሉም። ማንም የሚጠብቅህ ሰው የለም።

ሻሺቱ ኤርጫፎ፣ ታይፒስት